ጃንጎና ፓይሎንስ ሽማግሌ ፊት ቀረቡ

«አንቺን የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ጆሮውን ሸጦ መምጣት አለበት!»

ይህን ያሉኝ እትዬ አስካለ ናቸው። በሐሜት አይደለም፤ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ምሳ የሚበላው ሰው ሁሉ እየሰማ። እትዬ አስካለ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። እኔ ደግሞ የቤቱ ስልክ ነኝ። ስልክ አንሺ ማለቴ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ «ሃሎ፣ አዎ በያይነቱ አለ፣ የለም ክትፎ በጾም አንሠራም፣ አይ ጌታዬ ለእርስዎም ብለን አንሠራም» ስል ስለምውል በእኔና በመሣሪያው መካከል ያለው ልዩነት እኔ ደመወዝ መጠየቄ ብቻ ነው።

ጆሮ የሚያሸጥ ምን ተናገርኩ? ሽማግሌ ሲፈርድ አቋርጬ «ይሄ ፍርድ አይሠራም» አልኩ። በቃ። ነገሩን ግን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ እናንተም ከእሳቸው ጋር ትወግናላችሁና ልመለስ።

እትዬ አስካለ ዌስትላንድስ ላይ ሁለተኛ ቤት ሊከፍቱ ነበር። እዚያ ያለው ሰው ከረባት አስሮ ቢሮ የሚውል ነው፤ ምሳውን በኮምፒዩተር ማዘዝ ይፈልጋል። እናም የሁዳዴ መጀመሪያ ላይ ጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ለፋሲካ ማዘዣው በኢንተርኔት ከሠራ የዌስትላንድሱን ቤት አንቺ ታስተዳድሪያለሽ። ካልሠራ ግን እዚሁ ስልክሽን ታነሻለሽ።» እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ስልክ ላይ የተጣበቅኩ ሰው፣ ይህን ስሰማ ምን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። በዚያው ቀን በሐሳቤ የዌስትላንድሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሠራተኛ መቆጣት ጀመርኩ። ሁለቱን አባረርኩ፤ አንዱን አዝኜ መለስኩት።

ድረ ገጹን እንዲሠሩ ሁለት ሰዎች ተጠሩ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ቢጠራ ኖሮ አንድ ስህተት ይሠራና እንገላገል ነበር።

አንዱ ቢኒያም ነው። እናቱ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ፣ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በስዋሂሊ የሚጨርስ ልጅ ነው። ሁለተኛው ጋሽ ሃብቶም ናቸው። አሥመራ ተወልደው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ሁለቱም ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ይጽፋሉ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ይግባባሉ ያለው ማነው?

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እኔም የማውቀው ካሳራኒ ሰፈር ኢንተርኔት ካፌ ስሠራ፣ መብራት ባለበትና ደንበኛ በሌለበት ከሰዓት በኋላ እየነካካሁ ያገኘሁትን ነው። በፓይተን ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ከባዶ አይጀምርም፤ ሌሎች አስቀድመው የሠሩትን ፍሬምወርክ ይወስዳል። ፍሬምወርክ ማለት የተጀመረ ቤት ነው። አንተ ትጨርሰዋለህ። ልዩነቱ እስከምን ድረስ እንደተጀመረ ነው።

የቢኒያም ጃንጎ ከነዕቃው የሚከራይ ቤት ነው። አልጋው አለ፣ መጋረጃው አለ፣ ድስቱ ምድጃው ላይ ተጥዷል። የመጋረጃው ቀለም ካልወደድክ ግን ችግሩ ያንተ ነው። የጋሽ ሃብቶም ፓይሎንስ ደግሞ እንደኛ የካሳራኒ ክራይ ቤት ነው፤ ስትገባ አምፖል እንኳን የለም፣ አከራዩም «የወደድከውን አምፖል ማድረግ ትችላለህ» ይልሃል፤ ይህንንም ነጻነት ይለዋል። ዌብ ፓይ የሚባል ሦስተኛም አለ፤ እሱ የመንገድ ዳር ኪዮስክ ነው፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ሰው፣ የፈለግከውን ጠይቀህ ተቀብለህ ትሄዳለህ። እኔ የምወደው እሱን ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ጠባቸው ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው መንገድ ነው፦ ሰው አድራሻ ጽፎ በር ሲያንኳኳ ወደ የትኛው ክፍል ይወሰድ? ቢኒያም አድራሻዎቹን ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ይጽፋል። እያንዳንዱ አድራሻ በቆብ ምልክት ይጀምርና በዶላር ምልክት ያልቃል፤ እንደ አንዳንድ ባሕታዊ። ጋሽ ሃብቶምም ይደረድራሉ፤ ግን ቆብም ዶላርም ሳይኖር፣ ሰው በሚያነበው ቃል፣ ለእያንዳንዱ መንገድ ስም እያወጡ። ቄሱ ቢፈቅዱላቸው ክርስትናም ያስነሡት ነበር።

ሁለተኛው ጎተራው ነው፤ የታዘዘው ሁሉ የሚከማችበት ዳታቤዙ። ቢኒያም ጎተራው ውስጥ ራሱ አይገባም። «ዶሮ ማለት ይህን ይመስላል» ብሎ ይጽፋል፣ ጃንጎ ሰንጠረዡን ሠርቶ፣ አስቀምጦ፣ ቆልፎ ይመለሳል። ጋሽ ሃብቶም ደግሞ ኤስኪውኤል አልኬሚ የሚባለውን ነው የሚያምኑት። እሱ የተሰጠውን ሁሉ በእጁ ይዞ ይቆማል፤ «አጽድቅ» እስኪሉት ድረስ አንዲት ፊደል አያሰፍርም። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት ገዝቶ፣ የሠርጉን ቀን ግን የማይቆርጥ ሰው ታውቁ የለ? እሱን ነው የሚመስለው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ሁዳዴ ሲገባ መከራከር ጀምረው እስከ እኩለ ጾም ድረስ አንዲት ገጽ አልሠሩም። መጀመሪያ በኮምፒዩተር ተከራከሩ፣ ከዚያ ማን የት ይቀመጥ ብለው በወንበር፣ ኋላም ሰላምታ ተከለካከሉ። ቢኒያም «ሲስተር፣ እኚህ ሽማግሌ ካቢሳ አይሰሙም» ይለኛል፤ ጭራሽ ማለቱ ነው። ጋሽ ሃብቶም «ይህ ልጅ በተቀቀለ ያደገ ነው፤ ሽንኩርት መክተፍ አያውቅም» ይሉኛል። እኔ መሀል ላይ ዌስትላንድስ ከእጄ ሲንሸራተት አያለሁ።

ሌላ አገር ቢሆን አንዱን ያባርሩ ነበር። እትዬ አስካለ ግን የኛ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ጠሩ።

ጋሽ ወልዴ የጎማ ነጋዴ ናቸው። ናይሮቢ ውስጥ ያላስታረቁት ነገር ቢኖር ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስና የትራፊክ መብራትን ብቻ ነው። ግራና ቀኛቸው ራስ ከመነቅነቅ በቀር ሥራ የሌላቸው ሁለት ሽማግሌዎች አስቀምጠው፣ ሁለቱን ባለሙያዎች ፊት ለፊት አቆሙ።

«በሉ፣ ነገሩን አስረዱን። በመጀመሪያ አንተ፣ ልጄ።»

«ጋሽዬ፣ ጃንጎ ሁሉም ነገር አለው» አለ ቢኒያም። «መንገዱ አለ፣ ዳታቤዙ አለ፣ ማስተዳደሪያ ገጹ ደግሞ በነጻ ነው።»

«በነጻ?» አሉ እትዬ አስካለ። ከዚያ በኋላ የተባለውን የሰሙ አይመስለኝም።

«ጎበዝ» አሉ ጋሽ ሃብቶም ቀስ ብለው፣ «ሁሉን የሚሰጥ ሁሉን ይወስናል። ነገ እመቤቲቱ እንደ ልቤ ልለውጥ ቢሉ፣ ይህ ልጅ ቤቱን በሙሉ ማፍረስ አለበት።»

«የርስዎ ቤት የማይፈርሰው እኮ ስላልተሠራ ነው!»

«ተው፣ ተው!» ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ዘረጉ። «አንተ መንገዱን አሳምረህ ታውቃለህ። እርስዎ ጎተራውን ያውቃሉ። እንግዲህ ምኑ ነው ያጣላችሁ? መንገዱ የቢኒያም ይሁን። ጎተራው የአቶ ሃብቶም ይሁን። ተሳሳሙ።»

ራሶች ተነቀነቁ። እኔ ስልኩ ጋ ቆሜ አላስቻለኝም።

«ጋሽ ወልዴ፣ የማታቱን ፊትና የታክሲን ኋላ በይዶ ማን ነው የሚሳፈረው? ይሄ ፍርድ አይሠራም። አንዱን ምረጡና ሌላውን ሸኙት።»

እንግዲህ ጆሮ ሽያጩ የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ሁለቱም ሰዎች ደግሞ ልክ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ሁለቱም ጫማቸውን ያያሉ። ሽማግሌ የፈረደውን «አይሆንም» ከማለት የማይሠራ ነገር መሥራት ይቀላል፤ ስንት ትዳር በዚህ ቆሟል። ተሳሳሙ።

ጋሽ ወልዴ ግን ገና አልጨረሱም። «እስቲ ያንን የመንገድ ዝርዝርህን አሳየኝ» አሉት ቢኒያምን። አሳያቸው። ከላይ የሽሮ ማዘዣ፣ ከዚያ የበያይነቱ፣ ከዚያ ለፋሲካ የሚሆነው ዶሮ፣ እያለ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለ።

«ይሄ የታችኛው ምንድነው?»

«እሱ ማንኛውንም ነው የሚቀበለው፣ ጋሽዬ። አድራሻ የጠፋበት ሰው ከመጣ "እንኳን ደህና መጡ" ይለዋል።»

ጋሽ ወልዴ ደነገጡ። «እንግዳ ተቀባዩን ነው ከታች፣ ከዶሮ በታች ያስቀመጥከው? ቤተሰብህ ይህን አስተማረህ? በል በር ላይ አውጣው! እንግዳ ይቅደም።»

ይህ እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጃንጎ ዝርዝሩን ከላይ ጀምሮ ያነብና መጀመሪያ የገጠመለትን ይዞ ይሄዳል፤ ወደ ታች አያይም። ማንኛውንም የሚቀበል መስመር አናት ላይ ከተቀመጠ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ተቀብረዋል። ቢኒያም ይህን እንደ ስሙ ያውቃል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት እናቱ ያስተማሩት ነገር ሁሉ ትዝ አለውና «እሺ ጋሽዬ» ብሎ መስመሩን አናት ላይ ሰቀለው። ጋሽ ሃብቶምም ያውቃሉ። ግን መንገዱ የእሳቸው ድርሻ አይደለማ! ፈገግታቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሙከራ ተደረገ። ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ኮምፒዩተሩ መሀል ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አድርገው ሽሮ ላይ ተጫኑ።

«እንኳን ደህና መጡ። አረፍ ይበሉ» አለ ገጹ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ጋሽ ወልዴና ተደላድለው ተቀመጡ። በያይነቱ ተጫኑ።

«እንኳን ደህና መጡ። አረፍ ይበሉ።»

«አረፍ ብያለሁ እኮ!» ደስ ብሏቸዋል። «አያችሁ ጨዋነት! ዕረፍት አጥቶ ነው ሰው የሚቀበለው።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሁሉም በየተራው ተጫነ፣ ሁሉም በየተራው አረፍ እንዲል ተነገረው። አንድ ቤት ገብታችሁ «ግቡ፣ ኑ፣ ቁጭ በሉ፣ ምነው ጠፋችሁ» እየተባላችሁ ማዕድ ሳይቀርብ የወጣችሁበት ቀን የለም? እኛ እሱን በፓይተን ጻፍነው። ስልኬ ግን ይጮሃል፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው በሞባይል እየደወሉ ሽሮ የሚያዙት።

በማግስቱ ቢኒያም ማንም ሳያይ መስመሩን ወደ ታች መለሰው። ጋሽ ወልዴ «እንግዳ ተቀባዩን እልፍኝ አስገባነው» ተባሉ፤ ወደዱት።

አሁን ሠራ ብዬ እኔ ራሴ ልሞክር ተቀመጥኩ። ማዘዣዎቹን የሚያሳይ አሮጌ ስክሪን ኩሽና ውስጥ ተሰቅሏል። የዶሮው ሥዕል አማረኝ፤ ጾም ዓይን አይከለክልም። ተጫንኩ። «ተቀብለናል» አለ። ወደ ኩሽና ሮጥኩ፤ ስክሪኑ ባዶ ነው። ተመልሼ ተጫንኩ። «ተቀብለናል።» ሮጥኩ፤ ባዶ። ትዕግሥት የሚባለው ነገር ሲታደል እኔ ስልክ እያነሳሁ ነበር መሰለኝ፤ ተጫንኩት፣ ተጫንኩት፣ በንዴት ተጫንኩት፣ በቁጭት ተጫንኩት፣ ዌስትላንድስን እያሰብኩ ተጫንኩት። አንድ ጊዜ በክርኔም ተጫንኩት።

«ቢኒያም! ምግቡ የት ነው የሚሄደው?»

ራሱን አከከ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ያ በነጻ የተባለው ማስተዳደሪያ ገጽ ያለ ጃንጎ ጎተራ አይሠራም። እትዬ አስካለ ደግሞ በነጻ የተባለውን ነገር ወደውታል። ስለዚህ ልጁ የራሱን ትንሽ ጎተራ ጓሮ ደብቆ ሠርቶ ነበር፤ የታዘዘው ሁሉ እዚያ ይገባል። የኩሽናው ስክሪን ደግሞ የሚያነበው በስምምነቱ መሠረት የጋሽ ሃብቶምን ጎተራ ነው። አንዱ እየሞላ፣ አንዱ እየጾመ።

«የእኔ መዝግቧል» አለ ቢኒያም።

«የእኔ ዘንድ አልደረሰም» አሉ ጋሽ ሃብቶም። «ያልጸደቀን ነገር የለም ነው የምለው።»

ሽማግሌ ተጠራ።

ጋሽ ወልዴ ብዙም አልፈጀባቸውም። «ሁለት ጎተራ አንድ ቤት ውስጥ? እንዴት ነውር ነው! ባልና ሚስት ተለያይተው የሚበሉት ሲፋቱ ነው። አዋህዱት፤ የዚያኛው ወደዚህኛው ይገልበጥ፣ አቶ ሃብቶምም ያጽድቁት።» በዚህ ጊዜ እኔ አፌን ያዝኩ። ደግሞ ምን ብዬ ልከራከር? ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነበሩ። የፈራሁት ነገር አልነበረም፤ ያዘዝኩትን ዶሮ እንኳን ረስቼዋለሁ።

ጋሽ ሃብቶም ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ገለበጡ፣ አመሳከሩ፣ አንዲት ሳትቀር አጸደቁ።

የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነበር። ወጥ ሠሪያችን አበበች ጠዋት ኩሽና ገብታ ስክሪኑን ስታይ ከላይ እስከ ታች ዶሮ ነው። ዶሮ፣ ዶሮ፣ ዶሮ፣ ዶሮ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። አበበች ግን «ይመስገን፣ ሰዉ ለፋሲካ ከአሁኑ ያዝዝ ጀመር» ብላ አማተበችና ለዶሮ ነጋዴው ደወለች። ስዋሂሊዋ አጭር ስለሆነ ዝርዝር ውስጥ አልገባችም። «ሌታ ኩኩ ዎቴ!» አለችው፤ ያለህን ዶሮ ሁሉ አምጣ። ሰውየውም ቃሉን ያከበረ ነው። አመጣ።

በፒክአፕ ነው የመጡት፤ በሕይወት፤ እየጮሁ። ኪሌሌሽዋ ደግሞ ውሻ እንኳን ቀስ ብሎ የሚጮህበት ሰፈር ነው። ቅርጫቱ ሲወርድ አንዱ ተከፈተ። ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤት በረንዳ ላይ አውራ ዶሮ ወጣበት። የግቢው ጠባቂ «ማማ፣ ሂ ኒ ኒኒ?»፣ እናቴ ይሄ ምንድነው፣ እያለ በዱላው ያሳድዳል፣ ዶሮዎቹ እሱን ያሳድዱታል። ከቤተ ክርስቲያን ስግደት የተመለሱ ምዕመናን በያይነቱ ሊበሉ ገብተው ጠረጴዛ ላይ ዶሮ ቆማ አገኙ፤ በሕማማት፤ በረቡዕ። አንዲት እናት ዓይናቸውን ሸፍነው ወጡ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንደጣሉ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ማነው ያዘዘው?» አሉ በመጨረሻ።

ጋሽ ሃብቶም ኮምፒዩተሩን ከፍተው አዩ። ጥንቁቅ ናቸው ብያለሁ። «ከዚህ ቤት ነው የታዘዘው» አሉ፣ «ከስልኩ አጠገብ ካለው ኮምፒዩተር።»

«እየሞከርኩ ነበር!» አልኩ። «ሁለት ጎተራ አቁማችሁ እኔን ታሯሩጡኛላችሁ? መጀመሪያስ አንዱን ምረጡ አላልኩም?»

«ፖሌ ሲስተር፣ ይቅርታ» አለ ቢኒያም በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ከእኔ ሸሽቶ።

ሽማግሌ ተጠራ። ዶሮ እየተሽሎከለከለ፣ ጋሽ ወልዴ ጓሮው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ራስ ነቅናቂዎች ግራና ቀኝ። ቢኒያምና ጋሽ ሃብቶም አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በጋራ መከራ ተዋደዋል፣ አንዱ ለሌላው ላባ ከትከሻው ያነሳለታል።

«ነገሩን አይተናል» አሉ ጋሽ ወልዴ። «እነዚህ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ነበር፤ እነሆ ታርቀዋል። ከዚህ የሚበልጥ ምን ፍሬ አለ? ዶሮዎቹ ለፋሲካ ይቆዩ። ማዘዣውም ቀስ ተብሎ ይስተካከላል። የዌስትላንድሱን ቤት ሁለቱ በጋራ ይያዙት፤ ጠዋት ቢኒያም፣ ከሰዓት አቶ ሃብቶም። ኮምፒዩተሩን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ መኖር አለበት።»

«እኔስ?» አልኩ። «ለእኔ እኮ ነው ቃል የተገባልኝ። እትዬ አስካለ፣ ለፋሲካ ከሠራ አላሉም? ፋሲካ ገና እሑድ ነው!»

እትዬ አስካለ አንዲት ዶሮ በእግራቸው ገፋ አደረጉ። «አንቺማ ለዚህ ቤት ታስፈልጊናለሽ፣ ልጄ።»

«አንቺ አስተዋይ ልጅ ነሽ» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ለእርቅ ስትይ ተይላቸው። ማዘዣው እስኪስተካከል ስልኩን የሚያህል ነገር የለም። ስልኩን ደግሞ ካንቺ በቀር ማን ይችለዋል?»

ሁለቱ ራሶች ተነቀነቁ። ውስጥ ስልኩ ይጮህ ጀመር።

«ሂጂ አንሺው እንጂ» አሉ እትዬ አስካለ።

ገባሁ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩትና ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ተመለስኩ። ሁሉም ቀና አሉ። እጀታውን ለቢኒያም ሰጠሁት። የቀረውን ጋሽ ሃብቶምን አስታቀፍኳቸው።

«ተሳሳሙ» አልኩ።

ሹራቤን ከምስማሩ አውርጄ፣ ዶሮዎቹን እየዘለልኩ፣ በግቢው በር ወጥቼ ወደ ማታቱው ፌርማታ ሄድኩ።